ዘገምተኛው አዮን ኤሌክትሮንን እንዴት ያስወጣዋል?



ሒሳቡ ትክክል ሆኖ ሳለ መልሱ በዓይን ከታየው ነገር ጋር ባይስማማ፥ ስሕተቱን ከወዴት እንፈልገው? የዛሬው ንግግራችን በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

እንደሚታወቀው አቶም በመካከሉ ከባድ አስኳል አለው፤ በዙሪያውም እጅግ ቀላል የሆኑ ኤሌክትሮኖች በየደረጃቸው ተመድበዋል። ኤሌክትሮን የጐደለበት ወይም የተረፈበት አቶም አዮን ይባላል።

እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በሌኒንግራድና በአሜሪካ በኮኔቲከት የነበሩ ተመራማሪዎች የአርጎንን አዮን ከአርጎን አቶም ጋር አጋጩ። አዮኑ 50,000 ኤሌክትሮን ቮልት ኀይል ሲኖረው በሰከንድ 490 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህ ለእኛ ታላቅ ፍጥነት ነው። ነገር ግን በአርጎን ውስጠኛ ደረጃ ያለው ኤሌክትሮን በሰከንድ ከ9,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚፈጥን፥ በእርሱ ዘንድ አዮኑ ዘገምተኛ መንገደኛ ነው።

እንግዲህ እናስላ። የአርጎን አቶም ከኤሌክትሮን 73,000 ጊዜ ያህል ይከብዳል። ቆሞ የሚጠብቀውን ኤሌክትሮን ፊት ለፊት ቢመታው የሚያካፍለው ኀይል 3 ኤሌክትሮን ቮልት አይሞላም። ውስጠኛውን ኤሌክትሮን ለማላቀቅ ግን 250 ያህል ያስፈልጋል፤ ኤሌክትሮኑ በሩጫው ላይ እያለ ቢመታም አይበቃም። ሆኖም በመሣሪያው የታየው የውስጠኛው ስፍራ ባዶ መሆኑ ነበር!

በ1965 ኡጎ ፋኖና ዊልያም ሊክተን ምስጢሩን ገለጡት። ስሕተቱ «ተመታ» ማለታችን ነው። አዮኑ ዝግ ብሎ ሲቀርብ ኤሌክትሮኖቹ ሁለቱን አስኳሎች ለቅጽበት እንደ አንድ ሞለኪውል ይከባሉ። ቮልፍጋንግ ፓውሊ በ1925 እንዳስረዳው ደግሞ፥ ሁለት ኤሌክትሮኖች በፍጹም አንድ ዐይነት ሁኔታ ሊይዙ አይችሉም። ሁለት ቤተ ሰቦች በአንድ ፎቅ ቤት ቢሰበሰቡ፥ ምድር ቤቱ ለአንዱ ብቻ ስለሚበቃ የቀሩት ወደ ላይ ይወጣሉ፤ የኤሌክትሮኖቹም ነገር እንዲሁ ነው። የመውጫውን ዋጋ የሚከፍለው የአዮኑ ጉዞ ነው። አቶሞቹ ሲለያዩ ከወጡት አንዳንዶቹ አይመለሱም፤ ስፍራቸውም ባዶ ይቀራል።

ወደዚህ ባዶ ስፍራ ሌላ ኤሌክትሮን ሲወርድ የሚለቀቀው ኀይል ሦስተኛውን ኤሌክትሮን ከአቶሙ አውጥቶ ይሰደዋል። ይህን ሥራ ሊዘ ማይትነር በ1922፥ ፒየር ኦዤም በ1923 አስቀድመው ገልጸውት ነበር።

ተማሪዎች ሆይ፥ አስተውሉ። የኀይል ሕግ አልፈረሰም፤ በመሣሪያ የታየውም አልተካደም። የወደቀው ሳንመረምር የተቀበልነው ግምት ብቻ ነው። እንግዲህ ሒሳባችሁና የምታዩት ነገር ሲጣሉ፥ ከሁለቱ አንዱን ከመጣላችሁ በፊት ግምታችሁን መርምሩ።