የፕሮግራም ግንባታ ቅንብር



ፕሮግራም ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው በባለሙያ እጅ የተጻፈውን ሶርስ ኮድ ብቻ ነው። ነገር ግን ኮዱ ብቻውን አይሠራም። ወደ ማሽን ቋንቋ የሚመልሰው ኮምፓይለር፣ ላይብረሪ የሚባሉት አስቀድመው የተዘጋጁ ክፍሎች፣ የፋይሎቹ መገኛና ለኮምፓይለሩ የሚሰጡት ትእዛዞች በአንድነት ሲቀናበሩ ነው ከኮዱ ሥራ የሚሠራ ነገር የሚወጣው። ይህ ቅንብር በመሥሪያ ሶፍትዌሩ መስኮቶች ውስጥ ተሰውሮ ስለሚቀመጥ እንደ መሣሪያው ጠባይ ይቈጠራል እንጂ እንደ ሥራው አካል አይታይም። የዚህ ንግግር ዓላማ ቅንብሩ ራሱ የፕሮግራሙ አካል መሆኑን ማስረዳት ነው።

ችግሩ የቈየ ነው። በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ስቲቭ ጆንሰን የተባለው ባለሙያ አንድ ስሕተት ካረመ በኋላ የታረመው ፋይል እንደገና ኮምፓይል ሳይደረግ በመቅረቱ፣ ትክክለኛውን ፕሮግራም ሲመረምር አንድ ጧት በከንቱ አለፈው። ባልደረባው ስቱዋርት ፌልድማን ከዚህ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1976 «ሜክ» የተባለውን መሣሪያ ሠራ። ሜክ የትኛው ፋይል በየትኛው ላይ እንደሚመሠረት ከአንድ የጽሑፍ ዝርዝር ያነባል፤ ፋይሎቹ የተለወጡበትን ሰዓት ያመዛዝናል፤ ያረጀውን ብቻ እንደገና ይገነባል። ጊዜ መቈጠቡ አንድ ጥቅም ነው። ከዚህ የሚበልጠው ግን በአንድ ሰው አእምሮ ብቻ ተይዞ የነበረው ዕውቀት በጽሑፍ ሰፍሮ ለሁሉም መነበቡ ነው።

ቅንብር የፕሮግራሙን ሥራ እስከ መለወጥ ይደርሳል። በሲ ቋንቋ «አሰርት» የተባለው ትእዛዝ አንድ ሁኔታ እውነት መሆኑን ይመረምራል፤ በግንባታው ቅንብር «ኤንዲበግ» የተባለው ቃል ከተሰየመ ግን ምርመራው ፈጽሞ ይጠፋል። እንግዲህ አንድ ጸሐፊ ፋይል የመክፈትን ተግባር በአሰርት ቅንፍ ውስጥ አስገብቶት ከሆነ፣ ፕሮግራሙ በሙከራ ጊዜ ደኅና ሲሠራ ቈይቶ ለተጠቃሚው በሚደርሰው ቅጂ ፋይሉ ሳይከፈት ይቀራል። ከኮዱ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም፤ የተለወጠው ቅንብሩ ነው።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ቅንብሩ በሌላ ሰው እጅ ሲገባ ነው። በቻይና ብዙ ባለሙያዎች የአፕልን ኤክስኮድ ከባለቤቱ ማውረድ ስለሚዘገይባቸው ከሌላ ቦታ የተገኘ ቅጂ ይጠቀሙ ነበር። አጥፊዎች በዚያ ቅጂ ውስጥ የራሳቸውን ፋይል አኑረው፣ ፋይሉ ከሚገነባው ፕሮግራም ሁሉ ጋር እንዲያያዝ የሚያዝዝ መስመር በቅንብሩ ላይ ጨመሩ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2015 ነገሩ ሲገለጥ ዊቻትን የመሰሉ ታዋቂ ፕሮግራሞች ሳይቀሩ መበከላቸው ታወቀ። ጸሐፊዎቹ የገዛ ኮዳቸውን መላልሰው ቢያነቡ ኖሮ አንዳች እንከን ባላገኙበትም ነበር። ኢንተርኔት በሚዘገይበት አገር ሁሉ፣ በእኛም አገር ጭምር፣ መሣሪያን ከእጅ ወደ እጅ መቀባበል የተለመደ ስለሆነ ይህ ምሳሌ የሩቅ አይደለም።

ስለዚህ የቅንብሩ ፋይል ከኮዱ ጋር በአንድ ግምጃ ቤት ይቀመጥ፤ የኮምፓይለሩና የላይብረሪዎቹ እትም በቍጥር ይጻፍ፤ የአንድን ሠራተኛ የግል ማኅደር የሚጠቅስ አድራሻ ከውስጡ ይውጣ፤ መሣሪያውም ከባለቤቱ ተገኝቶ ትክክለኛነቱ ይረጋገጥ። ለተጠቃሚ የሚደርሰው ቅጂ ከጸሐፊው ኮምፒዩተር ላይ ሳይሆን በሌላ ንጹሕ ኮምፒዩተር ላይ ይገንባ፤ የሚሞከረውም ያው ቅጂ ይሁን።

መመዘኛው ቀላል ነው። አዲስ የተቀጠረ ባለሙያ ማንንም ሳይጠይቅ፣ በጽሑፍ የሰፈረውን ብቻ ተከትሎ ፕሮግራሙን መገንባት ይችላልን? ካልቻለ፣ አንድ ሠራተኛ ሲሰናበት የመሥሪያ ቤቱ ፕሮግራም አብሮት ይሰናበታል፤ የሚቀረው ኮዱ ብቻ ነው። ይህን ፈተና ሠራተኛው ገና በሥራው ላይ ሳለ ማድረግ የእያንዳንዱ ኀላፊ ግዴታ ነው።