መቀስና ዙፋን፦ ርዕዮተ ዓለም በፊልም ጥቅል ላይ



ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሉዊ አልቱሴር እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ድርሰቱ፣ ርዕዮተ ዓለም በተቋማትና በዕለት ተዕለት ልማዶች ውስጥ ቁሳዊ ህልውና እንዳለው ይከራከራል። ሰው ስላመነ ይሰግዳል እንላለን፤ ስለሚሰግድም ያምናል። አልቱሴር ጋዜጣን፣ ሬዲዮንና ቴሌቪዥንን ከእነዚህ ተቋማት ይቆጥራቸዋል፤ የመሣሪያው አሠራር በራሱ ምን እንደሚፈጥር ግን ብዙም አይመረምርም። እኔ ይህን ጥያቄ በአንድ ምሽት ላይ ልመርምረው።

ምሽቱ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ዕንቁጣጣሽ ነበር። ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረኃብ የሠራውና በጥቅምት 1966 በብሪታንያ የታየው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። ነገር ግን እንደ ነበረ አልቀረበም፤ በረኃብተኞቹ ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ እየተሰካ ተቀናብሮ ነበር። በማግስቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ፊልሙ ዙፋኑን ገለበጠ አልልም፤ ሥልጣኑ አስቀድሞ በወታደሮቹ እጅ ገብቷል። የፊልሙ ድርሻ ሌላ ነው። ግብር ማብላት ለዘመናት የንጉሥ ቸርነት መታያ ነበር። ያው የግብዣ ምስል ከተራበ ሕፃን አጠገብ ሲቀመጥ የክስ ማስረጃ ሆነ። ነጋሪት ተጎስሞ የሚነገር አዋጅ ፍርዱን ራሱ ያውጃል፤ ቅንብር ግን ሁለት ምስሎችን አጎራብቶ ፍርዱን ለተመልካቹ ይተዋል። ተመልካቹም ፍርዱን የራሱ አድርጎ ይወስደዋል። ርዕዮተ ዓለም እዚህ ላይ የተሠራው በመቀስና በማጣበቂያ ነው።

ይህን ታሪክ ለዓመታት ሳስተምር እውነት የተደበቀን ነገር ያጋለጠበት ቀን አድርጌ ነበር። ረኃቡ እውነት ነበርና አልተሳሳትሁም። አንድ ቀን ግን አንዲት ተማሪ፣ «የተቀረጹት ረኃብተኞች ፊልሙን አይተውታል?» ስትል ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌቪዥን በጥቂት የከተማ ቤቶች ይታይ ነበር። የወሎ ገበሬ በዚያ ችሎት ማስረጃ እንጂ ከሳሽ አልነበረም።

ውጤቱም ከዐሥር ዓመት በኋላ ታየ። በመስከረም 1977 መንግሥት የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ድምቀት ሲያከብር፣ ወሎና ትግራይ ዳግም ተርበው ነበር። ሰልፉን ከረኃቡ አጠገብ የሚያስቀምጥ መቀስ ግን በአገር ውስጥ አልተገኘም። ጥቅምት 13 ቀን መሐመድ አሚን የቀረጸው የኮረም ምስል ከማይክል በርክ ዘገባ ጋር በቢቢሲ ታየ፤ ዓለምም ያን ጊዜ ደነገጠ።

ስለዚህ ተማሪዎቼ ሆይ፣ «ይህ ምስል እውነት ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁ አትቁሙ። ከምን አጠገብ ተቀመጠ? መቀሱን የያዘው ማን ነው? የተቀረጸውስ ሰው መቀሱ ይደርሰዋል? ዛሬ በስልካችን ምስሎችን የሚያጎራብተውን እጅ አናየውም፤ ጥያቄዎቹ ግን አልተለወጡም።