ዘርዓ ያዕቆብ ከሰል ተራ ቢመጣ

እሱ፦ የምናወራችሁ ከእንጅባራ ነው። ዛሬ የፈላስፋውን የዘርዓ ያዕቆብን ሐተታ ይዘናል። በአጤ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ጠብ ሸሽቶ፣ 2 ዓመት ዋሻ ውስጥ ያሰላሰለውን ነው የጻፈው።

እሷ፦ ኋላ የተቀመጠው እንፍራዝ ነው። ጣና ማዶ እኮ ነው፤ ጎረቤት እንበለው።

እሱ፦ ይሁን። ዘርዓ ያዕቆብን የገረመው ሰው ለምን ውሸት ያምናል የሚለው ነው። መመርመር ያደክማል፤ ከአባት የሰሙትን መቀበል ይቀላል ባይ ነው።

እሷ፦ እዚሁ ቅርባችን ፋግታ ለኮማ ሂድና ይህንኑ እየው። ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ቆርጦ፣ አክስሎ፣ ጆንያውን መንገድ ዳር ደርድሯል። ደላላ መጥቶ «አዲስ አበባ ዋጋ ወደቀ» ይለዋል። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ሳይደውል ይሸጣል።

እሱ፦ ኧረ በገበሬው ብቻ አትፍረጂ! ለጥቅም ሲሉ የሚያታልሉትንም እኮ ዘርዓ ያዕቆብ አልማራቸውም።

እሷ፦ ልክ ነህ። እኔን የሚቆጨኝ ግን ሒሩት መረሳቷ ነው። እንፍራዝ ላይ ዘርዓ ያዕቆብን ያስጠጋው የሀብቱ ቤት ገረድ ነበረች። ጌታዋ «ያንተ ገረድ ትሁን» ቢለው፣ ሚስቴ እንጂ ገረዴ አትሆንም፣ ባልና ሚስት እኩል ናቸው አለ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን!

እሱ፦ ሐተታውን የጻፈው ግን ዘርዓ ያዕቆብ ሳይሆን ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው የሚሉም አሉ። ምሁሩ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ጽፏል።

እሷ፦ ሌላው ምሁር ክላውድ ሰምነር ደግሞ የዘርዓ ያዕቆብ ነው ብለው ተሟግተዋል። እኔ ወደ ሰምነር አደላለሁ።

እሱ፦ የስልክ መስመራችን ክፍት ነው። ደላሎችም ደውሉ።