ቦዮ ሐይቅ ዳር



በዒድ ማግስት ልጆቻችንን ይዘን ከሆሳዕና ወደ ሻሾጎ፣ ወደ ቦዮ ሐይቅ ብንወርድ መልካም መዝናኛ ነው። ጉማሬውም (ከሩቅ ይታይ እንጂ!) ከሩቅ አገር የሚመጡት ወፎችም የአላህ (ሱ.ወ) ፍጡራን ናቸው። ነገር ግን ልጃችን ከሣሩ ውስጥ ጫጩት ይዞ ሲመጣ ስቀን እናልፈዋለን።

ሶሃባዎች በጉዞ ላይ ሳሉ የአንዲት ወፍ ሁለት ጫጩቶች ወሰዱ። እናቲቱ ክንፏን እያርገበገበች መጣች። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲያዩ በልጆቿ ማን እንዳስጨነቃት ጠይቀው እንዲመልሱላት ማዘዛቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። በቆመ ውኃ ውስጥ መሽናትንም ከልክለዋል፤ በዚህኛው ግን የምንታማው እኛው ትልልቆቹ ነን። ውኃው ደግሞ የከብት መጠጫ ነው።

ጫጩቱን ከልጁ ጋር ሄደን ከጎጆው እንመልሰው።