የጉንፋን ስምና የመዝገቡ ቁጥር



በሰሜን ጎንደር ደጋ፣ በዳባት ወይም በደባርቅ፣ ልጅዋን አዝላ ወደ ጤና ጣቢያ የምትመጣ እናት «ብርድ መታው» ትላለች፤ ሌላይቱ «ምች ነው» ትላለች፤ ሦስተኛይቱ ደግሞ «ጉንፋን ነው» ብላ ትገባለች። ዳማከሴውም በቤት ተሞክሮ ሊሆን ይችላል። የባለሙያው ተግባር ሕፃኑን መርምሮ ማከም ብቻ አይደለም፤ ከእነዚህ የቤት ስሞች በስተኋላ ያለውን በሽታ ለይቶ በመዝገቡ ላይ በትክክለኛ ስሙ ማስፈርም ጭምር ነው።

በሽታዎችን በአንድ ዓለም አቀፍ ሥርዓት የመመደብ ሥራ የቆየ ታሪክ አለው። ፈረንሳዊው ዣክ ቤርቲዮን እ.ኤ.አ. በ1893 የሞት ምክንያቶችን ዝርዝር አቀረበ። የዓለም የጤና ድርጅት ከስድስተኛው ክለሳ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1948 ወዲህ፣ ዝርዝሩ ሞትን ብቻ ሳይሆን ሕመምንም እንዲያካትት አደረገ። በዐሥረኛው ክለሳ ተራ ጉንፋን «ጄ00»፣ ቦታው ያልተለየ አጣዳፊ የላይኛው መተንፈሻ አካል ልክፈት «ጄ06.9»፣ ዓይነቱ ያልተለየ የሳንባ ምች ደግሞ «ጄ18.9» ይባላል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በጸናው በ11ኛው ክለሳ የጉንፋን ምልክት «ሲኤ00» ሆኗል።

ታዲያ አንዲት ፊደልና ጥቂት አኃዝ ምን ያህል ያመዝናሉ? እናቲቱ «ምች» ያለችው ትኩሳትና የከንፈር ቁስል ሊሆን ይችላል፤ ቸኩሎ የሚጽፍ ሰው ግን «የሳንባ ምች» ብሎ ያሰፍረዋል። ጉንፋን የቫይረስ ሕመም በመሆኑ አንቲባዮቲክ አይፈውሰውም። ሆኖም አሞክሲሲሊን ከታዘዘ በኋላ፣ ትእዛዙ እንዲያምር ሲባል ብቻ የበሽታው ስም ወደ ሳንባ ምች ቢለወጥ፣ ስሕተቱ በአንድ ካርድ ላይ አይቀርም። ከጤና ጣቢያው ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን ይሻገራል፤ የመድኃኒት ግዢውም በዚያው የተሳሳተ ቁጥር ይታቀዳል። የተገላቢጦሹ ደግሞ ይብሳል፤ የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን «ጉንፋን» ተብሎ ወደ ቤቱ ከተመለሰ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

መለያው ግን ከባድ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም። የሚያስለው ሕፃን ዕድሜው ከ2 እስከ 12 ወር ከሆነ በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ከሆነ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ መተንፈሱ፣ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ መሰርጎዱ የሳንባ ምችን ያመለክታል። እንግዲህ ለትክክለኛው ምልክት መሠረቱ አንድ ሙሉ ደቂቃ ታግሦ መቊጠር ነው።

የቁጥር ጥቅም በክፉ ቀን ይበልጥ ይታያል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው የዓለም ኢንፍሉዌንዛ ሕዝቡ ዘንድ በወሩ ስም «የኅዳር በሽታ» ተባለ፤ መታሰቢያውም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ በማቃጠል፣ «ኅዳር ሲታጠን» በሚባለው ልማድ ቆይቷል። ኢንፍሉዌንዛ ሲጀምር ጉንፋን ይመስላል። ስለዚህ በአንድ ወረዳ የጉንፋን ቁጥር በድንገት ሲያሻቅብ ማስጠንቀቂያ ሊሆን የሚችለው፣ ቀድሞ በጤናው ጊዜ በታማኝነት ተመዝግቦ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ጎንደር ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። የሕዝብ ጤና ኮሌጅዋ በደንቢያ ከደረሰው የወባ ወረርሽኝ በኋላ በ1947 ዓ.ም. ተቋቁሞ ጤና መኰንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን አሠልጥኗል፤ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው ይኸው ተቋም በዳባት ልደትንና ሞትን በመዝገብ ሲከታተል ቆይቷል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ስሙን በመዝገብ ላይ ያሳሳተም ከደበቀው ብዙ አይለይም። ጉንፋንን ጉንፋን ብሎ መጻፍ ትንሽ ሥራ ነው፤ የሚጠብቀው ግን የሚቀጥለውን ሕፃን ነው።