ለልጆቻችን የውጭ ቋንቋ በታብሌት ስለማስተማር

(በሰኞ ገበያ ለጀማዓው ከተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ከጀማዓችን አንዳንድ ወንድሞች ለመድረሳው ልጆች ታብሌት እንግዛላቸው፣ ዐረብኛውንም እንግሊዝኛውንም በዚያ ይማሩ የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ሐሳቡ ከቅን ልብ የመነጨ ለመሆኑ ጥርጥር የለኝም። ሆኖም ገንዘቡ ከየኪሳችን የሚወጣ፣ ጊዜውም የልጆቻችን ዕድሜ ነውና፣ ከመግዛታችን በፊት መሣሪያው ምን እንደሚችልና ምን እንደሚሳነው አብረን ብንመረምር ይበጃል። የእኔን አቋም ከወዲሁ ልንገራችሁ። ታብሌቱ የሉሁን ቦታ ሊይዝ ይችላል፤ የኡስታዙን ቦታ ግን ሊይዝ አይችልም።

ጉዳዩ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ከወሎ ስንት እህቶቻችን አንዲት የዐረብኛ ዐረፍተ ነገር ሳይዙ ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ኩዌት፣ ወደ ቤይሩት እንደሄዱ ከየቤታችሁ ታውቁታላችሁ። የታዘዘችው ሳይገባት ቁጣ የወረደባት፣ ደመወዟ ሲቀር ለመጠየቅ አንደበቷ የተያዘባት ብዙ ናት። እንግሊዝኛውም ቢሆን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ያደረገው ትምህርት ነው፤ ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ሒሳቡንም ሳይንሱንም የሚማረው በእርሱ ነው። ቋንቋው ያልገባው ልጅ ሒሳቡ የከበደው ይመስለዋል።

እንግዲህ በአገራችን የተደረገ አንድ ሙከራ አለና እርሱን ላንሳ። በ2004 ዓ.ም. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የሚባለው፣ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የመሠረተው የአሜሪካ ድርጅት፣ በኦሮሚያ ክልል በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት የገጠር መንደሮች ታብሌት አደለ። በየመንደሩ 20 ያህል ልጆች ነበሩ፤ ትምህርት ቤት አይተው የማያውቁ። የሞቶሮላ ታብሌቶች በካርቶን እንደታሸጉ ተሰጧቸው፤ የእንግሊዝኛ ፊደልና ቃላት የሚያስተምሩ ፕሮግራሞች ተጭነውባቸዋል፤ መሙያው በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ነው። አስተማሪ ግን አልነበረም። በየሳምንቱ አንድ ባለሙያ እየሄደ ልጆቹ የነካኩትን ሁሉ የሚመዘግበውን ሚሞሪ ካርድ ብቻ ይለውጥ ነበር።

የልጆቹ ነገር በእውነት የሚያስገርም ነው። ካርቶኑን ከፍቶ መክፈቻውን ቁልፍ ለማግኘት አንድ ልጅ የፈጀበት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነበር። ከሳምንታት በኋላ የእንግሊዝኛውን ፊደል በዜማ ይሉት ጀመር። በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ በራሳቸው ከፈቱት። ይህ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ተነገረ፤ አንዳንዱም መምህር የማያስፈልግበት ዘመን መጣ እስከ ማለት ደረሰ። እኔ ግን ከዚህ የምንማረው ሌላ ነው እላለሁ። ልጆቹ ያገኙት ፊደል መለየት፣ ዜማና ጥቂት ቃላት ነው። ከዚያ አልፎ በእንግሊዝኛ ሐሳብን መግለጽና መጽሐፍ ማንበብ ሌላ ተራራ ነው። ምክንያቱም ፊደል ማስቆጠሪያ ፕሮግራም በብዛት የሚሠራው ቋንቋውን ከእናቱ ለሰማ ልጅ ነው። ለአሜሪካዊው ሕፃን «ካት» የሚለው ድምፅ የድመት ስም መሆኑ አዲስ አይደለም፤ አዲሱ አጻጻፉ ነው። ለወንጪው ልጅ ግን ድምፁም፣ ትርጉሙም፣ አጻጻፉም እኩል እንግዳ ናቸው።

ዐረብኛውም እንዲሁ ነው። «ፊድ ዘ ሞንስተር» የሚባል አፕ አለ፤ ልጁ ትክክለኛውን ፊደል እየመረጠ አንድ ትንሽ ጭራቅ ይመግባል። (ጭራቅ ለሕፃን ማሳየት አይወደድም የምትሉ እናቶች ትኖራላችሁ፤ ሥዕሉ ግን ከሚያስፈራ ይልቅ የሚያስቅ ነው።) የተዘጋጀው በኖርዌይ መንግሥት ድጋፍ በተደረገ ውድድር፣ ጦርነቱ ከትምህርት ገበታ ላፈናቀላቸው የሶሪያ ልጆች ሲሆን፣ በ2009 ዓ.ም. ካሸነፉት ሁለት ሥራዎች አንዱ ነው። በነፃ ይገኛል፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ለሑሩፍ ማስለያ መልካም ነው። ነገር ግን የሶሪያው ልጅ ቃሉን ያውቀዋል፤ የእኛ ልጅ አያውቀውም። የእኛው ልጅ ጭራቁን በሚገባ መግቦ ሲጨርስ ውሃ መጠየቅ እንኳ ላይችል ይችላል።

የአነባበብ ነገር ደግሞ ይህን ያህል የሚቃለል አይደለም። በአማርኛችን ዐ እና አ፣ ሐ እና ሀ በጽሑፍ ቢለያዩም በአፍ አንድ ሆነዋል። በዐረብኛ ግን ዐሊም ማለት አዋቂ ሲሆን አሊም ማለት የሚያሳምም ነው። ይህን ልዩነት የአማርኛ ጆሮ በራሱ አይለየውም። ድምፅ እናርማለን የሚሉት አፖች ከሚጠብቁት ቃል ጋር የሚቀራረብ ነገር ከሰሙ ብዙ ጊዜ ያሳልፋሉ፤ ያሸበሽባሉ፤ ኮከብ ይሰጣሉ። ኡስታዙ ግን የልጁን አፍ እያየ፣ ከጉሮሮህ አውጣው፣ ድገመው ይላል። ሰባት ጊዜ ያስደግመዋል።

በወሎ ምድር ኪታብ እንዴት ይቀራ እንደነበር ሽማግሌዎቻችን ያውቃሉ። በጃማ ንጉሥም ሆነ በዳና፣ ሸይኹ ዐረብኛውን ያነባሉ፣ በደረሳው ቋንቋ ይፈቱታል፣ ደረሳው መልሶ ያሰማል። በዐረብኛ ፊደል አማርኛ የጻፉት፣ ዐጀሚ የምንለውን ያቆዩልን፣ እነዚያው ዑለማዎች ናቸው። የልጁ የእናት ቋንቋ የሌላው ቋንቋ በር መሆኑን ያውቁ ነበር ማለት ነው። የዛሬዎቹ ትላልቅ ፕሮግራሞች ግን ይህን በር ለእኛ አልከፈቱም። በ1984 ዓ.ም. ገደማ የተመሠረተው ሮዜታ ስቶን በእናት ቋንቋ ከመፍታት ይልቅ በዋናነት በሥዕል ያስተምራል። በ2004 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበው ዱኦሊንጎ በትርጉም ያስተምራል፤ ሆኖም አማርኛ ተናጋሪ በአማርኛ እየተፈታለት እንግሊዝኛ የሚማርበትን ክፍል እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ አላዘጋጀም፤ ዐረብኛውንም ሲጀምር ያቀረበው በእንግሊዝኛ በኩል ነው። የሰባት ዓመት ልጅ የማያውቀውን ቋንቋ በሌላ በማያውቀው ቋንቋ ይማር ማለት ነው። (ምልክቱም ጉጉት ናት፤ በእኛ አገር የጉጉት ስም እንዴት እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ።) አንድ ነገር ግን አመሰግነዋለሁ፤ የተማሩትን ቃል ሊረሳ ሲል መልሶ ያመጣዋል፤ ቀኑንም እያራራቀ ይከልሳል። ይህ ሙራጀዓ ነው፤ የእኛ ደረሶች አሳምረው ያውቁታል።

በ1997 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን ፕላዝማ ታስታውሱታላችሁ። ቴሌቪዥኑ በእንግሊዝኛ ይሮጣል፣ ያልገባው ተማሪ አቁም ሊለው አይችልም፣ መምህሩም ከጎን ቆሞ ያያል። በዚያ ያለፉ ልጆች ዛሬ ወላጆች ሆነው በመካከላችን አሉ፤ ጠይቋቸው።

ሌላው የኔትወርክ ነገር ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ከዚያ በፊት በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያጥለቀልቅ የተዘረፈውን ንብረት የማያስታውስ የለም። ስለዚህ ኢንተርኔት ካልኖረ የማይከፈት ፕሮግራም ለእኛ አይሆንም። በነፃ ነው ከሚባሉትም ብዙዎቹ ማስታወቂያ ያስገባሉ፤ በልጁ ፊት ምን ብቅ እንደሚል ደግሞ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ታዲያ ምን እናድርግ? የእኔ ሐሳብ እነሆ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ከመግዛት ለመድረሳው ሦስት ወይም አራት ታብሌት ይበቃል። በገንዘቡ ቀሪ፣ ዐረብኛ በንግግር የሚችል አንድ ኡስታዝና እንግሊዝኛ የሚያስተምር አንድ መምህር ቅዳሜና እሑድ እንቅጠር። ከዐረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችን በወጥ ቤት የተማሩት ዐረብኛ ከማንኛውም አፕ የበለጠ ሕይወት አለውና፣ ለሴት ልጆቻችን እንዲያስተምሩ እንጠይቃቸው፤ ለድካማቸውም እንክፈላቸው። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ታብሌት ለሃያ ደቂቃ ፊደሉንና ቃሉን ይለማመዱ። ከዚያ ታብሌቱ ይዘጋና የተማሩትን ለሰው ያሰሙ።

በቤታችሁ ስልክ ለምትሰጡ ደግሞ፣ ቋንቋውን ባታውቁትም ልጃችሁን መፈተን ትችላላችሁ። ስልኩን ተቀበሉት። «ውሃ ስጠኝ በል»፣ «ትናንት የት ነበርክ ብለህ ጠይቀኝ» በሉት። የፍራፍሬና የእንስሳት ስም ብቻ ከደረደረላችሁ፣ አፑ የሚያስተምረው ስም ነው ማለት ነውና ሌላ ፈልጉለት። መልስ ከሰጣችሁ እንዲያስተምራችሁ ጠይቁት፤ እናንተም ድገሙት። እናቱን የሚያስተምር ልጅ ቃሉን አይረሳውም።

ኮሚቴው ከመጪው ጁሙዓ በኋላ በዚህ ጉዳይ ላይ ይመክራልና ሐሳባችሁን በጽሑፍም በቃልም አቅርቡ። የልጆቻችሁን ዕድሜና የክፍል ደረጃም አብራችሁ አስመዝግቡ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።