የእከክ መድኃኒት ውጤት እንዴት ይለካል?



መሐንዲስ ስለ እከክ ምን አገባው የሚል ሐሳብ በአዳራሹ ውስጥ ሳይነሣ እንደማይቀር እገምታለሁ። የምናገረው ግን ስለ ልኬት ነው። ከ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጋር ተያይዞ እከክ በአማራ ክልል በተስፋፋ ጊዜ የተካሄደው ዘመቻ ከ9 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አዳርሷል። ሥራው ታላቅ ነው፤ ሆኖም የታደለው ክኒን ቁጥር የዳነው ሰው ቁጥር ማለት አይደለም።

የእከክ ተባይ ቆዳ ቦርቡራ ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች። አይቨርሜክቲን የተባለው መድኃኒት ተባይዋን እንጂ እንቁላሏን አይገድልም፤ ስለዚህ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ሁለተኛ ጊዜ መዋጥ ያስፈልጋል። ተባይዋ ከሞተችም በኋላ ማሳከኩ ለ2፣ አንዳንዴም ለ4 ሳምንት ሊቀጥል ይችላል። ይህ ያልተነገራት እናት «መድኃኒቱ አልሠራም» ብላ ልጆቿን ከሁለተኛው ዙር ብታስቀር አይፈረድባትም። በአንጻሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ምልክት እስኪያሳይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስድበታል።

እንግዲህ በቢቸና ሕክምናው በተሰጠ በ10ኛው ቀን፣ በሞጣ ግን በ3ኛው ወር ቆጠራ ተደረገ እንበል። በቢቸና የዳነው ሁሉ ገና ሲያክ ይገኛል። አንደኛው መርማሪ «ያሳክክሃል?» ብሎ ብቻ ቢጠይቅ፣ ሌላው የጣቶችን መሐልና የእጅ አንጓን ቢመረምር ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ በገጠሩ ቤት ቁንጫም ታሳክካለችና። በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚታየው ልዩነት የመድኃኒቱ ሳይሆን የቀኑና የመርማሪው ይሆናል።

ከዚህ የከበደው ጉዳይ ማነጻጸሪያ ነው። በፊጂ ደሴቶች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው፣ አይቨርሜክቲን ለሕዝቡ በጅምላ በተሰጠበት ስፍራ እከክ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ32.1 ወደ 1.9 በመቶ ወረደ። የታመሙትና አብረዋቸው የሚኖሩት ብቻ በተለመደው መንገድ በታከሙበት ስፍራም ቢሆን ከ36.6 ወደ 18.8 በመቶ ዝቅ ብሏል። ይህ ሁለተኛው ስፍራ ባይኖር ኖሮ ቅነሳው ሁሉ ለጅምላው እደላ በተቆጠረ ነበር።

«ታዲያ ሞጣን ለንጽጽር ብለን መድኃኒት እንከልክል?» የሚለኝ ይኖራል። አይገባም። የታመመ ሁሉ በሁለቱም ስፍራ በተገኘበት ቀን ይታከም። የጅምላው እደላ ግን መኪናም ክኒንም ስለሚያጥር በአንድ ጊዜ ለሁሉም አይደርስም፤ ማን ይቅደም የሚለው በዕጣ ይወሰን። በሁለቱም ከተሞች ከእደላው በፊት፣ ከዚያም በ3ኛውና በ12ኛው ወር፣ በአንድ ዓይነት ቅጽ የሠለጠኑት እነዚያው መርማሪዎች ይቁጠሩ፤ ዙሩ ያልደረሰው ስፍራ ተራው የሚደርሰውም የ3ኛው ወር ቆጠራ በተጠናቀቀ ማግስት ይሁን።